ካሎሪውን ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት እንዴት ላከፋፍለው?

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው፤ ሴት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ ክብደቴ 72 ኪሎ። ሥራዬ ቢሮ ተቀምጦ ነው። በሳምንት 3 ቀን ያህል ፈጠን ብዬ በእግሬ እሄዳለሁ። ክብደት መቀነስ እፈልጋለሁ። አንዱ ቁርስ 400፣ ምሳ 600፣ እራት 600 ይለኛል። ሌላው ጠዋት በደንብ ብዪ፣ ማታ ተዪው ይለኛል። ጠዋት ግን ምግብ አያሰኘኝም። ቀኑን ሙሉ እጠነቀቅና ማታ ሁሉ ነገር ይበላሻል። በእያንዳንዱ ምግብ ላይ በትክክል ስንት ካሎሪ ልብላ?»

ምላሽ፦

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለአንድ ምግብ የተመደበ ትክክለኛ ቁጥር የለም። ክብደትሽን የሚያወጣውና የሚያወርደው በቀን፣ ይበልጡንም በሳምንት የምትበዪው ድምር ነው። ድምሩን ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት ማከፋፈል የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፤ በረሃብ ሳትሰቃዪ ድምሩን እንድትጠብቂ። ስለዚህ ክፍፍሉን የሚወስነው የራስሽ ረሃብ ነው። ረሃብሽ የሚበረታበትን ሰዓት ሳታውቂ የምትመድቢው ቁጥር ወረቀት ላይ ያምራል፤ ማታ ላይ ግን አይገኝም።

ድምሩን ቶሎ እናውጣው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሚፍሊንና ሴንት ጆር ቀመር ዛሬም የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ነው። ክብደትሽን በ10 አባዢ፤ 720። ቁመትሽን በሴንቲሜትር በ6.25 አባዢ፤ 1,019። ደምሪያቸው። ከዚያ ዕድሜሽን በ5 አባዝተሽ ቀንሺ፤ 170። ሴት ስለሆንሽ ሌላ 161 ቀንሺ። ወንድ ቢሆን በ161ዱ ፋንታ 5 ይጨምር ነበር። 1,408 ይመጣል። ይህ ምንም ሳትሠሪ ተኝተሽ ብትውዪ እንኳ ሰውነትሽ የሚያቃጥለው ነው። ቢሮ ለምትውልና አልፎ አልፎ ለምትንቀሳቀስ ሰው በ1.375 ይባዛል። ወደ 1,940 ገደማ ሆነ። ከዚህ ላይ ወደ 400 ብትቀንሺ በቀን 1,550 አካባቢ ይቀርሻል። በዚህ ሂሳብ በሳምንት አንድ ሦስተኛ ኪሎ ገደማ ትቀንሻለሽ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሚዘልቀው እንዲህ ያለው ነው።

ቀመሩ ግምት መሆኑን አትርሺ። ለአብዛኛው ሰው በመሣሪያ ከሚለካው በ10 ከመቶ ወጣ ወይም ወረድ ብሎ ነው የሚገኘው። መነሻ ይሰጥሻል፤ ቀሪውን ሚዛንሽ ይነግርሻል። ካሎሪ ስል ደግሞ የምግብ መጠቅለያ ላይ የምታዪውን ኪሎካሎሪ ማለቴ ነው። መጠቅለያው በኪሎጁል ብቻ ከጻፈ ለ4.2 አካፍዪው።

አሁን ወደነገሩሽ ሁለት ምክሮች እንምጣ።

400፣ 600፣ 600 የሚለው እንዲሁ የመጣ ቁጥር አይደለም። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ለዘመቻ ያወጣው ነው። እዚያ የሴት የቀን መነሻ 2,000፣ የወንድ 2,500 ተብሎ ይያዛል። ሦስቱ ሲደመሩ 1,600 ናቸው። ቀሪው ለመጠጥና በመሃል ለሚቀማመስ ነገር የተተወ ነው። ሰው ከቤት ውጭ ምግብ ሲገዛ በቀላሉ እንዲያስታውሰው የተዘጋጀ ደህና መለኪያ ነው፤ አልነቅፈውም። ላንቺ ግን አይሆንም። የቀን ድምርሽ 1,550 ከሆነ፣ ሦስቱን ምግብ እንደተባለው ብቻ በልተሽ በ50 አልፈሽዋል። ወተት ያለበት ቡና ሳትጠጪ፣ አንድ ፍሬ እንኳ ሳትቀምሺ። የሌላ ሰውን ክፍፍል እንዳለ መውሰድ የሚከሽፈው እንዲህ ነው። ቁጥሩ ስህተት ኖሮበት ሳይሆን የተሠራው ለሌላ ድምር ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ምክር ጠዋት በደንብ በልቶ ማታ መተው ነው። ይሄኛው ውስጥ እውነት አለ። ግን ሰዎች የሚያወሩት እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የእስራኤል ጥናት ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸውን ሴቶች ለሁለት ከፍሎ ለሁሉም በቀን 1,400 ካሎሪ ሰጠ። አንዱ ቡድን ጠዋት 700፣ ቀን 500፣ ማታ 200 በላ። ሌላው ተገላቢጦሹን። ከ12 ሳምንት በኋላ ቁርሱ የበዛለት ቡድን ብዙ ቀነሰ። ወሬው ከዚህ ተነሥቶ ነው «ጠዋት የበላሽው ይቃጠላል፣ ማታ የበላሽው ስብ ይሆናል» እስከማለት የደረሰው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ግን የስኮትላንድ ተመራማሪዎች ነገሩን ይበልጥ አጥብቀው ፈተሹት። 30 ሰዎች ነበሩ። ምግባቸው ሁሉ በተመራማሪዎቹ ተዘጋጅቶ ተሰጣቸው። እያንዳንዱ ሰው 4 ሳምንት የቀኑን 45 ከመቶ ጠዋት በላ፤ ሌላ 4 ሳምንት ደግሞ 45 ከመቶውን ማታ። የቀነሱት ክብደት አልተለያየም። ሰውነታቸው ያቃጠለው ጉልበትም አልተለያየም። የተለየው ረሃባቸው ነው። ጠዋት አብዝተው በበሉበት ጊዜ ቀኑን ሙሉ ረሃባቸው ቀለል አለ።

ለእኔ ይህ ውጤት ከሁሉም ይበልጣል። ጠዋት መብላት ካሎሪውን አያጠፋውም። ቀኑን ቀላል ያደርገዋል፤ ማታ ላይ ድምሩን እንዳትጥሺው ያግዝሻል። ሰውነት ስኳርን የሚያስተናግድበት አቅምም በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከማታ ይልቅ ጠዋት የተሻለ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስተኛውን ከእራት በፊት መጨረስ ጥሩ አቅጣጫ ነው እላለሁ። እራትን መተው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን አልመክርሽም። ማታ 200 ካሎሪ ብቻ በልቶ መተኛት ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ ጋር አብሮ መብላትን ያስቀራል፤ ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ አይዘልቅበትም።

ሌላም የሚባል አለ፤ «ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ብትበዪ ሜታቦሊዝምሽ ይነሣሣል» የሚለው፤ ሰውነትሽ ካሎሪ የሚያቃጥልበት ፍጥነት ይጨምራል ለማለት ነው። ሰውነት ምግብን ለመፍጨትና ለማዋሃድ ከምትበዪው ወደ 10 ከመቶ ያህሉን ያወጣል። 1,550ውን በ3 ብትከፍዪው በየምግቡ ወደ 52 ይወጣል። በ6 ብትከፍዪው በየምግቡ 26። ሁለቱም ሲደመር ያው 155 ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትበዪ የሚወስነው ምቾትሽ ነው።

እንግዲህ ወደ ራስሽ ቃል ልምጣ። «ቀኑን ሙሉ እጠነቀቅና ማታ ሁሉ ነገር ይበላሻል» ብለሻል። በሥራዬ ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ ነው። ሰዎች ይህን የፈቃድ ድክመት ያደርጉታል። ራሳቸውን ይወቅሳሉ። በማግስቱ ቁርስ ይተዋሉ፤ ቅጣት ይሁን ብለው። ማታ ደግሞ ያው ይደገማል። እህቴ፣ ይህ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። ጠዋት ምንም፣ ቀን ላይ ትንሽ ሰላጣ፣ ከዚያ 6 ሰዓት ያለ ምግብ ከቆየሽ ማታ የሚጠብቅሽ የተራበ አካል ነው። የተራበ አካል ካሎሪ አይቆጥርም።

ስለዚህ ክፍፍሉን ከቁርስ ሳይሆን ከሚበላሽበት ሰዓት ጀምረሽ ወደኋላ ሥሪው። ለጥቂት ቀናት ምንም ሳትለውጪ ሁለት ነገር ብቻ ጻፊ፤ መቼ እንደራበሽና የት ላይ እንደተሸነፍሽ። የተሸነፍሽበትን ሰዓት ያዢና 2 ወይም 3 ሰዓት ወደኋላ ሂጂ። ምግብ መግባት ያለበት እዚያ ነው። ከጥያቄሽ እንደምረዳው ላንቺ ይህ ቦታ በምሳና በእራት መሃል ነው፤ የመክሰስ ሰዓት።

እኔ ብሆን 1,550ውን እንዲህ አከፋፍልልሽ ነበር። ቁርስ 300፣ ምሳ 550፣ መክሰስ 200፣ እራት 500። ምሳው ትልቁ ነው፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ረጅሙ የቀን ክፍል ነው። መክሰሱ ለእራት ዘበኛ ነው። 200 ካሎሪ ስታወጪበት የባከነ ይመስልሻል፤ ግን ማታ የሚመጣውን 800 የሚያስቀረው እሱ ነው። እራት 500 ደግሞ ጠግበሽ የምትነሺበት እውነተኛ ምግብ ነው።

ጠዋት ምግብ አያሰኘኝም ላልሽው፣ አስቀድመሽ ማታ የምትበዪውን ተመልከቺ። ማታ ዘግይቶ ብዙ የበላ ሰው ጠዋት ባይርበው አይገርምም። እራቱ ሲስተካከል የጠዋቱ ፍላጎት ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል። ካልተመለሰ አትታገዪው። ቁርሱን ሁለት ሰዓት አዘግይተሽ ሥራ ላይ ብዪው። እሱም ካልሆነልሽ ቁርስን ትተሽ ምሳ 650፣ መክሰስ 250፣ እራት 650 ማድረግ ትችያለሽ፤ ድምሩ ያው ነው። ቁርስ አለመብላት በራሱ አያወፍርም። ችግር የሚሆነው የተተወው ቁርስ ማታ ላይ እጥፍ ሆኖ ሲመለስ ነው። አንቺ ላይ ይህ እየሆነ ስለሚመስል በመጀመሪያው ክፍፍል ብትጀምሪ እመርጣለሁ።

እነዚህን ቁጥሮች እንደ ጠባብ ክልል እንጂ እንደ ነጥብ አትያዣቸው። 300 ስል ከ250 እስከ 350 ማለቴ ነው። 500 ስል ከ450 እስከ 550። ከዚህ በላይ ማጥበብ ትርጉም የለውም። በአሜሪካ ሕግ እንኳ እውነተኛው ካሎሪ መጠቅለያ ላይ ከተጻፈው እስከ 20 ከመቶ ቢበልጥ ይታለፋል። የኛ የራሳችን ግምት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በኒው ዮርክ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ታዋቂ ጥናት «ከ1,200 በታች እየበላን ክብደት አልቀንስ አለን» ያሉ ሰዎችን በጥንቃቄ ለካ። በአማካይ ከበሉት 47 ከመቶ ያህሉን ሳይመዘግቡ ቀርተው ነበር። ሊዋሹ ፈልገው አልነበረም። ሰው የሚበላውን የሚያይበት ዓይን እንዲህ ነው።

የሚዘለለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ይሆናል። ምጣድ ላይ በእጅ ግምት ሲፈስ ሁለትና ሦስት ማንኪያ መሆኑ ቀላል ነው። በ500 ካሎሪ እራት ላይ 240 ዘይት ከሆነ ለምግቡ የቀረው 260 ነው፤ ሳህኑ ላይ ግን ልዩነቱ አይታይም። ለዚህ ነው ሰው ምግብ ሁሉ ይመዝን የማልለው። ዘይቱን ብቻ በማንኪያ ለኪ። ከእሱ ቀጥሎ መጠጥ ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 140 ካሎሪ ይዞ ይገባና ጥጋብ አይሰጥም።

ቁጥሩ እኩል ሆኖ ጥጋቡ የሚለያየውስ ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። እ.ኤ.አ. በ1995 የሲድኒ ተመራማሪዎች 38 ዓይነት ምግቦችን እያንዳንዳቸውን በ240 ካሎሪ መጠን ለሰዎች ሰጡ፤ ከዚያም ለ2 ሰዓት ጥጋባቸውን መዘገቡ። ነጭ ዳቦን 100 ብለው መነሻ አደረጉት። የተቀቀለ ድንች 323 አገኘ። ቅቤ የበዛበት ክሯሳን 47። አንድ ዓይነት ካሎሪ ነው። ልዩነቱ ወደ 7 እጥፍ ነው። ውኃ፣ ፋይበርና ፕሮቲን ያለበት ምግብ ሆድ ይሞላል፤ ስብና ስኳር ተጨምቆ የገባበት አይሞላም።

ይበልጥ የገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የጤና ተቋማት ያወጡት ነው። 20 ሰዎች ለ2 ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ 2 ሳምንት ደግሞ እምብዛም ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና ፋይበር እኩል እንዲሆን ተደርጓል። የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ጨምረው በሉ። የሚበሉበት ፍጥነትም ጨምሮ ነበር። አስቢው፤ ያንቺ ሙሉ እራት ማለት ነው፤ ሳይታወቃቸው የተጨመረው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምግብ ቁጥሩን ከመመደብሽ በፊት ፕሮቲኑን መድቢ። ምሳና እራት ላይ ከ25 እስከ 30 ግራም፣ ቁርስ ላይ ወደ 15። ፕሮቲን ያጠግባል፤ ክብደት ስትቀንሺም ጡንቻሽ አብሮ እንዳይሄድ ይረዳል። ከእሱ ቀጥሎ ግማሽ ሳህን አትክልት። የቀረውን ሩዝ፣ ድንች ወይም ዳቦ ይሙላው። ለምሳሌ ምሳ ላይ አንድ ኩባያ የበሰለ ሩዝ 200፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 165፣ አትክልት 50፣ አንድ ማንኪያ ዘይት 120። 535 ሆነ። ሥጋ ካልፈለግሽ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 230 ካሎሪና 18 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ላዩ ላይ ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ አትክልትና አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሪ፤ 560 ገደማ ነው። እራት ላይ ሁለት እንቁላል፣ 250 ግራም የተቀቀለ ድንች፣ አትክልትና ሁለት የሻይ ማንኪያ ዘይት ወደ 490 ይመጣል። ፕሮቲኑን ከፍ ለማድረግ አንዱን የሻይ ማንኪያ ዘይት ቀንሰሽ ጥቂት እርጎ ጨምሪበት። ለመክሰስ አንድ ፖምና አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ወይም 30 ግራም ለውዝ። ለውዙን ግን ከከረጢቱ አትብዪ፤ ለክተሽ ሌላ ዕቃ ላይ አውጪው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ 900 ብትበዪስ? ይሆናል፤ ደግሞም ይደጋገማል። እራትን አትተዪ። መክሰሱን ካልራበሽ እለፊው፣ ከእራቱ 100 ቀንሺ፣ ሌላውን ተዪው። የሳምንት ድምርሽ 10,850 ነው። ያለፍሽው 350 ከዚያ ላይ 3 ከመቶ ነው። በዚህ ምክንያት ራስሽን አስርበሽ ማደር ለነገ ማታ ሌላ ሽንፈት ማዘጋጀት ነው።

ይህ ሁሉ ምክር የማይሠራላቸው ሰዎች አሉ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርዱ አንዳንድ ክኒኖችን የምትወስጂ ከሆነ የምግብ ሰዓትና የካርቦሃይድሬት መጠን ከመድኃኒቱ ጋር መገጣጠም አለበት፤ ከሐኪምሽ ጋር ሳትነጋገሪ ምግብ አትዝለዪ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ጡት የምታጠቢ ከሆነ ካሎሪ የምትቀንሺበት ጊዜ አይደለም። የኩላሊት ሕመም ካለ የፕሮቲኑን መጠን ሐኪም ይወስነው። ከዚህ በፊት ራስሽን የማስራብ፣ ወይም በልቶ የማስመለስ ችግር ከነበረብሽ ደግሞ ቁጥር መቁጠሩን ጨርሶ ተዪው፤ ቁጥሩ ራሱ ሊጎዳሽ ይችላል። ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ይሻልሻል። ሌላው ሰውም ቢሆን ያለ ሐኪም ክትትል ከ1,200 በታች አይውረድ።

እነዚህ አንቺን የማይመለከቱ ከሆነ እንዲህ ጀምሪ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አትቀንሺ። መክሰሱን ብቻ ጨምሪ፤ በየቀኑ፣ ባይርብሽም። ክብደት ልቀንስ ላለች ሴት ምግብ ጨምሪ ማለት ግራ ያጋባል፤ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ መፈታት ያለበት የማታው ችግር ነው። ማታው ሲረጋጋ በሁለተኛው ሳምንት እራቱን ወደ 500 አምጪና ዘይቱን በማንኪያ መለካት ጀምሪ። በሦስተኛው ቁርሱን አስገቢ።

ጠዋት ጠዋት ተመዘኚ፤ የምታነጻጽሪው ግን የሳምንቱን አማካይ ነው። በወር አበባ ሰሞን ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ ሚዛኑ በ1 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ሊል ይችላል፤ እሱ ስብ አይደለም። ሦስቱም ለውጦች ከገቡ በኋላ አንድ ወር ጠብቂ። አማካዩ ካልወረደ መጀመሪያ ዘይቱንና መጠጡን መልሰሽ ፈትሺ። እሱ ትክክል ከሆነ ከቀኑ 100 ቀንሺ። የምትቀንሺው እምብዛም ከማይርብሽ ምግብ ላይ ይሁን፤ መክሰሱን ግን አትንኪው።